የጉርምስና ዘመንና የወላጅ ፈንታ

ዕድሜው በዐሥራ ሁለትና በዐሥራ ስምንት ዓመት መካከል የሆነ ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ ስለ እርሱ ከጎረቤት ጋራ ስትጨዋወቱ የምትናገሩትን እስቲ አስታውሱ። «አምና እንዲህ አልነበረም፤ ምን እንደ ነካው እንጃ፤ ሲጠሩት አይሰማም፤ ቢሰማም ያኰርፋል፤ በሩን ዘግቶ ይውላል፤ ከእናት ከአባቱ ምክር ይልቅ የጓደኛው ቃል ይበልጥበታል» ትላላችሁ። ጎረቤታችሁም ራሱን ነቅንቆ «አዬ የዛሬ ልጅ!» ይላል። ጨዋታውም በዚሁ ያበቃል። ልጁ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ በሽተኛ ወይም እንደ በደለኛ እየታየ፣ ይህ ዕድሜ እስኪያልፍለት ድረስ አንዳንዱ ቤት በዝምታ፣ አንዳንዱ ቤት በዱላ ይጠብቀዋል።

ይህ «የዛሬ ልጅ» የሚባለው ወቀሳ የዛሬ አይደለም። ዛሬ ወላጅ የሆናችሁት እናንተም በጊዜያችሁ ሰምታችሁታል፤ እናንተን የወቀሱት ደግሞ በፊናቸው ተወቅሰውበታል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልጆቹን መክሰሱን ትተን፣ በዚህ ዕድሜ በልጁ ሰውነትና አእምሮ ውስጥ በእርግጥ ምን እንደሚደረግና የወላጅ ፈንታ ምን እንደ ሆነ በተቻለ መጠን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ዕድሜው ስላገኘው መጥፎ ስም ጥቂት እንበል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1904 ዓ.ም. ስታንሊ ሆል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ስለ ጉርምስና ሁለት ታላላቅ ጥራዞች ያሉት መጽሐፍ አሳትሞ፣ ይህን ዕድሜ የማዕበልና የሁከት ዘመን ሲል ገልጾት ነበር። አነጋገሩ ጆሮ የሚይዝ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ተቀበለው፤ ልጁ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ማዕበሉን መጠበቅ የጀመረ ወላጅም ጥቂት አልነበረም። ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ ዳንኤል ኦፈር የተባለ የአእምሮ ሐኪም በቺካጎ ከተማ አካባቢ ሌላ ዓይነት ምርመራ አደረገ። ሐኪሞች አብዝተው የሚያውቁት ታመው የመጡላቸውን ወጣቶች ነበር፤ እርሱ ግን በየትምህርት ቤታቸው በደኅና የሚማሩትን ተራ ልጆች መርጦ ለዓመታት እየጠየቀ ተከታተላቸው። አብዛኞቹንም ከወላጆቻቸው ጋራ ተስማምተው የሚኖሩና በጤና የሚያድጉ ሆነው አገኛቸው። ጠብ በየቤቱ አልጠፋም፤ ነገር ግን የሚነሣው በአብዛኛው በጥቃቅን የቤት ውስጥ ነገር ነበር። በሐኪም ቤት በር ላይ ቆሞ አገሩ ሁሉ ታሟል ማለት እንደማይገባ፣ ጥቂት ችግረኞችን አይቶ ዕድሜውን በሙሉ መኰነንም አይገባም።

አሁን ወደ ሰውነቱ እንምጣ። ከአንጐል ግርጌ ያለች የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ ትእዛዝ ስትሰጥ፣ ሆርሞን የሚባለው ቅመም በደም ውስጥ ይበዛል፤ ልጁም መለወጥ ይጀምራል። ይህ የሚጀምርበት ዕድሜ በሴቶች ልጆች ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ስለሆነ፣ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ከሚቀመጡት ሁለት እኩዮች የአንዱ ጢም ሲያቈጠቊጥ ሌላው ገና ሕፃን ሊመስል ይችላል። ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ ሁለቱም ግን በልባቸው ይጨነቃሉ። ከሰውነት ክፍሎች ቀድመው የሚያድጉት እጅና እግር ሲሆኑ፣ ደረትና ወገብ ቈይተው ይከተላሉ። እንግዲህ ልጁ የገዛ እጁን ርዝመት ገና ስላለመደው ብርጭቆ ይሰብራል፤ ረከቦቱን በእግሩ ይመታል። እናቱም «ዓይን የለህም እንዴ!» ትለዋለች። ዓይንስ አለው፤ ትናንት የነበረው ክንድ ግን ዛሬ የለም።

የሴት ልጅ ነገር ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የወር አበባዋ ጡቷ ማጐጥጐጥ ከጀመረ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ የሚመጣ ስለሆነ፣ እናት አስቀድማ ለመንገር በቂ ጊዜ አላት። ጊዜ ሳለ ሳይነገራት ቀርቶ በክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ደም ያየች ልጅ፣ የታመመች ወይም የረከሰች ሊመስላት ይችላል፤ ኀፍረቱም በየወሩ ከትምህርቷ እስከ መቅረት ሊያደርሳት ይችላል። እናት የሌለቻት እንደ ሆነ አክስት ወይም ታላቅ እኅት ትንገራት፤ እነርሱም ከሌሉ አባት ይንገራት። አባት ይህን መናገሩ ነውር የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ልጅቱ ከመንገድ ሰው መስማቷ ከዚህ የባሰ መሆኑን ያስብ። ወንዱም ልጅ ስለ ድምፁ መጐርነንና በሕልመ ሌሊት ስለሚደርስበት ነገር አባቱ አስቀድሞ ቢነግረው ከብዙ ስውር ሥጋት ይድናል።

አሁን ደግሞ ጧት ጧት በየቤቱ ወደሚነሣው ጠብ እንለፍ። አባት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ይደበድባል፤ ልጁ ይገላበጣል። እናት ብርድ ልብሱን ትገፍፋለች፤ ልጁ ያጕረመርማል። «ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ አድሮ!» ይባላል፤ ስንፍናውም ለዘመድ ሁሉ ይነገራል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ሲመሽ እንቅልፍን የሚጠራ ሜላቶኒን የሚባል ቅመም በሰውነታችን ውስጥ ይመነጫል። በጉርምስና ጊዜ ይህ ቅመም የሚመነጭበት ሰዓት ከልጅነት ጊዜው አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ይዘገያል። ስለዚህ በልጅነቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዓይኑ ይከደን የነበረው ልጅ፣ አሁን እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እንቅልፍ አይመጣለትም። የሚያስፈልገው የእንቅልፍ መጠን ግን ብዙ አልቀነሰም፤ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በየቀኑ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ሊቃውንት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. መክረዋል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኝቶ በዐሥራ ሁለት ሰዓት የሚቀሰቀስ ልጅ ሰባት ሰዓት ብቻ ተኝቷል። በሳምንት ሲደመር ጕድለቱ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያህላል። ቅዳሜ ጧት እስከ አራት ሰዓት የሚተኛውም ይህን ዕዳ ሲከፍል ነው።

በዚህ ላይ የእጅ ስልክ ብርሃን ሲጨመርበት እንቅልፉ ከዚያም ይርቃል። ልጁን ስልክ መከልከል በአፍ ቀላል ነው፤ አባት በአልጋው ላይ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በገዛ ስልኩ ዜና እያየ ልጁን ቢከለክለው ግን ማን ይሰማዋል? የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የአባትና የእናት ጭምር፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ በአንድ ሣጥን ላይ ቢያድር፣ ትእዛዙ ትእዛዝ መሆኑ ይቀርና የቤቱ ልማድ ይሆናል። ለቅዳሜም አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ ቢፈቀድለት የሚጎዳ ነገር የለም።

ከእንቅልፉ የሚበልጥ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ ጄይ ጊድ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ ልጆችና ወጣቶች እያደጉ ሲሄዱ አንጐላቸውን በማግኔት ኃይል በሚነሣ ሥዕል እየመረመሩ ያገኙትን ገለጡ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው አንጐል በሕፃንነት ተሠርቶ ያለቀ ይመስለው ነበር። እነርሱ ግን አንጐል በጉርምስና ጊዜም ገና በመሠራት ላይ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርመራ እንደ ተረጋገጠው፣ መጨረሻ የሚበስለው ከግንባር በስተኋላ ያለው ክፍል ነው፤ ይኸውም ነገርን ማመዛዘን፣ ቊጣን መግታትና ነገን ማሰብ የሚባሉት የሚመሩበት ክፍል ነው። ይህ ሥራ እስከ ሃያ አራትና ሃያ አምስት ዓመት ድረስ ይቀጥላል። ደስታን፣ ጕጕትንና የሰውን ምስጋና የሚፈልገው ክፍል ግን አስቀድሞ በርትቷል። ፈረሱ ጠንክሯል፤ ልጓሙ ገና እየተሠራ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

ለዚህ አንድ ጥሩ ማስረጃ አለ። በ2005 ዓ.ም.፣ ይህም በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፣ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ ወጣቶችንና ዐዋቂዎችን በኮምፒዩተር ላይ የመኪና ጨዋታ አጫወቱ። ጨዋታው የትራፊክ መብራት ሊቀየር ሲል ማቆም ወይም ለተጨማሪ ነጥብ ደፍሮ መሄድ ነበር። አንዳንዶቹ ለብቻቸው፣ አንዳንዶቹ ጓደኞቻቸው እያዩአቸው ተጫወቱ። ከ24 ዓመት በላይ የሆኑት ሰዎች፣ ጓደኛ ኖረም አልኖረም፣ አነዳዳቸው ብዙም አልተለወጠም። ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆኑት ልጆች ግን ጓደኞቻቸው በአጠገባቸው ሲኖሩ ድፍረታቸው እጅግ ጨመረ። እንግዲህ ልጁ አደጋውን አያውቅም ብላችሁ ያንኑ ምክር ደጋግማችሁ ብትነግሩት ጥቅሙ ጥቂት ነው። አደጋውን ያውቃል፤ የሚያየው ዐይን ሲኖር ግን ዕውቀቱ ይሸነፋል። ስለዚህ ከምክሩ ይልቅ የሚረዳው ጓደኞቹን ማወቅ ነው። ስማቸውን እወቁ፤ ወደ ቤት ይምጡ፤ እንጀራ ይቅረብላቸው፤ ቢንጫጩም ታገሡ። ጓደኞቹ በሳሎናችሁ የሚጫወቱ ልጅ የት እንደ ዋለ ለማወቅ ሰላይ አያስፈልግም።

ነገር ግን ይህን የአንጐል ነገር ሰምቶ «እንግዲያውስ ልጁ ጐደሎ ነው» የሚል ወላጅ እንዳይኖር እንሠጋለን። ይኸው የማይፈራ፣ የማይሰለች፣ አዲስ ነገር የሚወድ አእምሮ ነው በዚህ ዕድሜ ቋንቋ የሚማረው፣ ሙያ የሚይዘው። ሉዊ ብሬይል ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን የዓይነ ስውራን ጽሕፈት በአብዛኛው አዘጋጅቶ የጨረሰው በ15 ዓመቱ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1824 ዓ.ም. ነበር። ጥሩነሽ ዲባባ በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በፓሪስ የአምስት ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ስታገኝ ገና በጉርምስና ዕድሜ ላይ ነበረች። ሩቅ ሳንሄድም፣ የቆሎ ተማሪ የሚባለው ልጅ በለጋ ዕድሜው ከእናቱ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ምግቡን በየደጁ እየለመነ፣ አገር አቋርጦ ቅኔና ዜማ ይማር ነበር፤ ከበረታም ታናናሾቹን ያስቀጽል ነበር። ያን ሁሉ መከራ የቻለው ማንም ሕፃን ነህ ብሎ ስላልያዘው ነው።

ይህም ወደ ዋናው ነገራችን ያደርሰናል። በደጋው የገበሬ ቤት ልጅ ሲያድግ የሚወጣበት የታወቀ ደረጃ ነበረው፤ ዛሬም በብዙ ስፍራ አለው። በስድስትና በሰባት ዓመቱ ጥጃና ጠቦት ይጠብቃል። ከፍ ሲል በግና ፍየል ይሰጠዋል፤ ቀጥሎም ከብቱን ሁሉ ይዞ ወደ መስክ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አባት በሬዎቹን ጠምዶ፣ አስቀድሞ ታርሶ በለሰለሰው ማሳ ዳር ላይ ቆሞ፣ «ና ያዝ» ብሎ ዕርፉን ያስጨብጠዋል። ልጁ ይጨብጣል፤ ትልሙ ይጣመማል፤ በሬውም የእጁን አለመጽናት ዐውቆ ይለግማል። አባት ግን ዕርፉን አይነጥቀውም፤ ጎን ጎኑን እየሄደ «ጫን በል፤ አሁን ልቀቅ» ይለዋል። ዘር መዝራቱን ለራሱ ያስቀራል፤ እርሱ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ወይም የሚቀጥለው ሥራ ነው። ልጁ በዚያን ቀን ማታ ወደ ቤት ሲገባ አካሄዱ ይለያል። የጐረመሰውን ጕልበት የሚያሳርፍበት ቦታ አግኝቷል።

የገጠሩን ኑሮ አለልክ ለማሞገስ አይደለም። ብዙ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ከትምህርት ቀርቷል፤ ብዙ ሴት ልጅም ጡቷ ሳያጐጠጕጥ ተድራለች። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት እንዲሆን የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የደነገገው ያንን ለማስቀረት ነው፤ መልካምም አድርጓል። ነገር ግን የደረጃው ነገር ጥበብ ነበር። እኛ ወደ ከተማ ስንገባ በሬውን ትተን ስንመጣ ደረጃውንም አብረን ትተነው መጣን። የከተማው የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከአባቱ ይረዝማል፤ ሆኖም ዓመቱን ሙሉ «አጥና፤ ብላ፤ ተኛ» ከመባል በቀር ምንም አይጠየቅም። ትልቅ ሰውነት አለው፤ ትልቅ ሥራ የለውም። ታዲያ ትልቅነቱን በምን ያሳይ? በፀጉሩ፣ በጫማው፣ በሲጋራው፣ በመግቢያ ሰዓቱ ያሳያል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። ተረቱ እውነት አለው፤ የልጅ ሊጥ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ነገር ግን አንዲት ልጅ ለእራት የሚበቃ ሊጥ የምታቦካው የማይበቃውን ብዙ ጊዜ ካቦካች በኋላ ነው። በዚህ ተረት ምክንያት ማቡኪያውን ከልጃቸው እጅ የነጠቁ እናቶች፣ ልጃቸው ሃያ ዓመት ሲሞላት «እንጀራ መጋገር እንኳ አታውቅም» ብለው ሲያዝኑ እንሰማለን።

ለከተማ ልጅ ዕርፉ ምንድን ነው? ለወንዱም ለሴቷም እኩል ነው። የወሩን ሽንኩርትና ዘይት ዋጋ ጠይቆ፣ አማርጦ ገዝቶ መምጣት ነው። የመብራትና የውኃ ሒሳብ በጊዜው መክፈልና ደረሰኙን በፋይል ማስቀመጥ ነው። አያትን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት በየሰዓቱ ማስዋጥ ነው። የታናሽ እኅትን ሒሳብ ማስጠናት ነው። የትራንስፖርቱንና የደብተሩን ገንዘብ የወሩን አንድ ጊዜ ተቀብሎ ራሱ ማብቃቃት ነው፤ በሃያኛው ቀን ያለቀበት እንደ ሆነ ቀሪውን ዐሥር ቀን በእግሩ ይሂድ፤ እናት በስውር አትጨምርለት። የቤቱ ገቢና ወጪ ምን ያህል እንደ ሆነም ይነገረው። «አባቴ ጫማ ከለከለኝ» ሲል የነበረ ልጅ የቤት ኪራዩንና የጤፉን ሒሳብ ራሱ ደምሮ ሲያየው፣ የጫማውን ነገር ራሱ ይተወዋል።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ እንደ ሆነ፤ በሰፈር ልቅሶ ሲደርስ ድንኳኑን የሚተክሉት፣ ወንበሩን የሚያመላልሱት፣ ውኃውን የሚቀዱት እነማን ናቸው? ትናንት በመንገድ ጥግ ቆመው «ዱርዬዎች» የተባሉት እነዚያው ጐረምሶች ናቸው። ሦስት ሌሊት ያለ እንቅልፍ ያሳልፋሉ፤ ማንም አይቈጣቸውም፤ እነርሱም ማንንም አያስቀይሙም። ጠባያቸው በአንድ ሌሊት የተለወጠ አይደለም። የሚያስፈልግ ሰው ሆነው ስለ ተገኙ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ይህን ነገር በግልባጩ ያገኙታል። በአሜሪካም ሆነ በእስራኤል በሚኖር ቤተ ሰብ፣ የአገሩን ቋንቋ ፈጥኖ የሚያውቀው ልጁ ስለሆነ፣ የመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብ፣ ከሐኪም ጋራ የሚያስተረጕም እርሱ ሊሆን ይችላል። እዚያ ዕርፉ ጊዜው ሳይደርስ በልጁ እጅ ይወድቃል፤ አባትም ተመልካች ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ አባት ልጁን በቋንቋው ያመስግነው፤ ነገር ግን ውሳኔውን ለራሱ ያስቀር፤ ልጁ ያስተርጕም እንጂ በአባቱ ፈንታ አይወስን።

ዕርፍ ማስጨበጥ ማለት ልጅን መልቀቅ አለመሆኑ ግልጽ ይሁን። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት፣ የወላጆችን አስተዳደግ መርምራ በሦስት ከፍላው ነበር። አንደኛው ያዝዛል እንጂ አያስረዳም፤ ሁለተኛው ይወዳል እንጂ አይከለክልም፤ ሦስተኛው ይወዳል፣ ይከለክላል፣ የከለከለበትንም ምክንያት ይናገራል። በሦስተኛው ዓይነት ቤት ያደጉት ልጆች ራሳቸውን የሚገዙና በራሳቸው የሚተማመኑ ሆነው ተገኙ። እንደ እኛ አስተያየት፣ ብዙዎቻችን ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ አንደኛው በአንድ ቀን ውስጥ እንዘላለን፤ ጧት ደክሞን እንለቃለን፤ ማታ ተናደን እንማታለን። ልጅን የሚያስጨንቀው ከጥብቅነቱ ይልቅ ይህ መለዋወጡ ነው። ስለ ዱላ ግን አንድ ነገር ካልን ይበቃል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሚያድጉባቸው ተቋሞች በአካላቸው እንዳይቀጡ ይጠብቃቸዋል። መምህር የተከለከለውን ዱላ አባት በቤቱ የሚያነሣበት ምክንያት አይታየንም። ጐረምሳን የሚመታ አባትም ልጁ እጁን የሚይዝበት ቀን ሩቅ አይደለም፤ ያች ቀን ደግሞ ለሁለቱም መራራ ናት።

አሁን ወደ ከባዱ ቀን እንምጣ። በጥር 2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጠ ጊዜ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ግማሹንና ከግማሹ በላይ ነጥብ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ከመቶ ዘጠና ስድስት በላይ የሚሆኑ ልጆች በዚያ ሰሞን «ወደቅሁ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ስለ ፈተናውና ስለ ትምህርቱ የሚባለው ብዙ ነው፤ እርሱን ለሌላ ቀን እንተወው። እኛ የምንጠይቀው፣ ልጁ በዚያን ዕለት ማታ በሩን ከፍቶ ሲገባ ምን ተባለ? የሚለውን ነው። «ለዚህ ነው የደከምሁት? የእከሌ ልጅ አልፏል» የተባለ ልጅ፣ በአንድ ቀን ሁለት ነገር አጣ፤ ፈተናውንና ቤቱን። «ገብተህ እራትህን ብላ፤ ነገ ቁጭ ብለን እናየዋለን» የተባለ ልጅ ግን ያጣው ፈተናውን ብቻ ነው። ፈተና ደግሞ እንደ ገና ይወሰዳል፤ የማካካሻ ትምህርት አለ፤ የሙያ ትምህርት አለ፤ ሥራም አለ። በዚያች ማታ ስለ ነገው መወሰን አያስፈልግም። ልጁ ራሱን ከመጠን በላይ ሲወቅስ ያያችሁት እንደ ሆነ፣ እናንተም በዕድሜያችሁ የወደቃችሁበትን ነገር ንገሩት። አባቱ ወድቆ የሚያውቅ መሆኑን ሳያውቅ ያደገ ልጅ ብዙ ነው።

ኀዘን ሁሉ ግን በእራትና በምክር አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ወጣቶች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥመዋል። ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ ፊቱ ጠቍሮ፣ ምግብ እምቢ ብሎ፣ ይወደው የነበረውን ሁሉ ከተወ፤ የገዛ ሰውነቱን ከጎዳ፤ ስለ ሞት ከተናገረ ወይም የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ፣ ይህ የጉርምስና ኩርፊያ አይደለም። ያን ጊዜ «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህን?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብሎ ይፈራል፤ ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ሐኪሞች አረጋግጠዋል፤ እንዲያውም የተሸከመውን ለመናገር በር ይከፍትለታል። ከዚያም ለብቻው አትተዉት፤ መድኃኒትና ስለት ያለበትን ቦታ ቈልፉ፤ በአዲስ አበባ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል፣ በሌላ ስፍራም የአእምሮ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ጠበል የሚያስጠምቅ ያስጠምቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ሐኪሙን ግን አያስቀር።

ስለ ወላጆቹም መናገር ይገባል። ልጅ ሲጐረምስ ወላጁ አብዛኛውን ጊዜ አርባ ዓመት አልፎታል። ጕልበቱ መቀነስ ጀምሯል፤ የራሱ ወላጆች አርጅተው ጦር ይፈልጋሉ፤ የቤቱ ወጪ ከመቼውም ይልቅ በዝቷል። በዚህ ላይ ትናንት አንገቱ ላይ ይጠመጠም የነበረው ልጅ ዛሬ አብሮት በመንገድ ለመሄድ ያፍራል። ይህ እውነተኛ ኀዘን ነው፤ ስም ስላልተሰጠው ብቻ በቊጣ መልክ ይወጣል። ባልና ሚስት ስለዚህ ነገር ለብቻቸው ሊነጋገሩ ይገባል፤ በልጁ ፊት አንዱ የፈቀደውን ሌላው እንዳይከለክልም አስቀድመው ይስማሙ። ብቻዋን የምታሳድግ እናት ወንድሟን ወይም የታመነ መምህሩን ታግዝበት። ልጅ ለአባቱ የማይናገረውን ለአጎቱ ይናገራል፤ አባትም በዚህ አይቅና። በቊጣ የተናገራችሁት ቃል ካለ ደግሞ በማግሥቱ «ትናንት አጠፋሁ» በሉት። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ክብሩ የሚቀንስ ይመስለዋል፤ እኛ ግን በዚህ ምክንያት የተናቀ አባት አላየንም።

መነጋገሪያውም ጊዜ አለው። «ና ቁጭ በል፤ ላነጋግርህ» ተብሎ ፊት ለፊት የተቀመጠ ጐረምሳ ዝም ይላል። አብራችሁ ስትሠሩ፣ አብራችሁ ስትሄዱ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ ግን ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ ወሬው ይመጣል። ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ይበልጥ ይመቻል። አቦሉ ሲቀዳ አንድ ጥያቄ ጠይቁና ተዉት፤ ቶናው ላይ ዝም ቢል አትጐትጕቱት፤ በረካው ሲደርስ ራሱ ይጀምራል። ሲጀምርም እስኪጨርስ ድረስ ምክር አትስጡት። ይህ ለወላጅ ከጾም የሚከብድ መሆኑን እናውቃለን።

አንተም ጐረምሳው ወንድማችን፣ አንቺም ኮረዳዋ እኅታችን፣ አባታችሁ አንብቦ አጥፎ ያስቀመጠውን ይህን ጋዜጣ ከፍታችሁ እዚህ የደረሳችሁ እንደ ሆነ፣ ለእናንተም የሚነገር አለ። ነጻነት ስትፈልጉ «ልቀቁኝ» አትበሉ፤ «ይህን ሥራ ስጡኝ» በሉ። አባታችሁ ከሥራ ደክሞና ተርቦ እንደ ገባ ጥያቄ አታቅርቡ፤ ከእራት በኋላ ይሁን። ስትዘገዩ ደግሞ ከመዘግየታችሁ በፊት ደውሉ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ደውሎ የዘገየ ልጅና ሦስት ሰዓት ላይ ገብቶ ምክንያት የሚደረድር ልጅ፣ ሁለቱም እኩል ዘግይተዋል፤ በሩ የሚከፈትላቸው ግን በሁለት ዓይነት ፊት ነው። ስትደውሉም «የት ነህ?» እስኪሏችሁ ድረስ አትጠብቁ፤ ያላችሁበትን ስፍራ፣ አብሯችሁ ያለውን ሰውና የምትመጡበትን ሰዓት ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በተናገራችሁት ሰዓትም ድረሱ።